አሮጌ የጓሮ መሣሪያን እሳት ሳያስነኩ በቤት ውስጥ ማደስ

በድሬዳዋ ግቢ ያለው ቤት ሁሉ፣ ከዚራም ሆነ ሳቢያን፣ ገንደ ቆሬም ሆነ ለገሀር፣ ከግንብ ጥግ የተደገፈ የዛገ ዶማና እጀታው የሚወዛወዝ አካፋ አያጣም። ባለቤቱ የፓፓያውን ሥር ሊኮተኩት ሲነሣ ዶማው ከዛቢያው እየወለቀ ያስቸግረዋል፤ አካፋውም አፈሩን ከመቁረጥ ይልቅ ይገፋዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከታገለ በኋላ ወይ ለቁራሌው በኪሎ ይሸጠዋል፣ ወይ ወደ በያጅ ቤት ይዞት ይሄዳል። ከሁለቱም አስቀድሞ በገዛ ግቢያችን፣ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ልንሠራው የምንችለው ብዙ ነገር አለ፤ ይህ መመሪያ የሚዘረዝረውም እርሱን ነው።

አባቴ ዕድሜውን በምድር ባቡር የጨረሰ የብረት ሠራተኛ ነበር። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ ከተማዋም አብራው ተመሠረተች፤ ከዚያ ወዲህ የባቡሩ የጥገና ሥራ በከተማዋ ለብዙ ቤተሰብ የእንጀራም የሙያም ምንጭ ሆኖ ኖሯል። አባቴ ካለፈ በኋላ የእርሱን ዶማ ለማሳል ወደ አንድ በያጅ ቤት ወሰድሁት። ልጁ ሥራውን በሁለት ደቂቃ ጨረሰልኝ፤ የግራይንደሩ ፍንጣሪ ሲበተን፣ የስለቱ ጠርዝ ላይ እንደ ርግብ አንገት የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ መስመር ሲወጣ እያየሁ ቆሜያለሁ። የመስመሩን ትርጉም ግን አላወቅሁም ነበር። በመጣው ክረምት ዶማው የመጀመሪያውን ድንጋይ እንደነካ ጫፉ እንደ ቆርቆሮ ተጠቀለለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዝገት ያልጎዳውን ብረት የአንድ ደቂቃ ሙቀት ጎዳው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥሩ የመቆፈሪያ ወይም የመቁረጫ ብረት ሲሠራ በእሳት ግሎ በድንገት እንዲቀዘቅዝ ይደረግና ይጠነክራል፤ ከዚያም እንዳይሰበር በመጠኑ እንደገና ሞቆ ይለዝባል። የመጨረሻው ጥንካሬው የሚወሰነው በዚህ በሁለተኛው ሙቀት ነው። የተወለወለ ብረት ሲሞቅ በ220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የገለባ ቀለም ያወጣል፤ ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ ሰማያዊ ይሆናል። ግራይንደር ሲነካው ሰማያዊ ያወጣ ስለት እንግዲህ ከተሠራበት መጠን በላይ ለዝቧል ማለት ነው፤ ቢስሉትም ስለቱ አይቆይም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሥራ፣ ያለ ብየዳና ያለ ቀጥቃጭ ከማይሆነው ጥቂቱ በቀር፣ በእጅ፣ በቀዝቃዛው የሚሠራ ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ለአንድ ዶማ ከመፍታት እስከ መጀመሪያው ቅባት አንድ ቅዳሜና እሑድ መመደብ ይበቃል።

የሚታደሰውን መለየት

ሁሉም አሮጌ ብረት ድካም አይገባውም። በመጀመሪያ መሣሪያውን ከእጀታው ይለዩትና በገመድ አንጠልጥለው በትንሽ መዶሻ ቀስ ብለው ይምቱት። ጤነኛ ብረት እንደ ደወል ረዘም ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ ስንጥቅ ያለበት ግን ድምፁ የታፈነና አጭር ነው። ቀጥሎ ዝገቱ የበላውን ያህል ይመርምሩ። ላዩ ቡናማ ሆኖ በጥፍር ሲጫር ዱቄት የሚያራግፍ ዝገት ምንም አይደለም። በቅርፊት እየተነሣ የሚላጥና ብረቱን ያሳሳው ከሆነ በምስማር ጫፍ ይውጉት፤ ምስማሩ ካለፈ ያ አካፋ ለቁራሌው ነው። በመጨረሻ ጠርዙ ላይ ሞረድ ያስኪዱ። ሞረዱ ብረቱን ያዝ አድርጎ የሚነክሰው ከሆነ በእጅ ሊሳል ይችላል፤ በመስተዋት ላይ እንደሚሄድ ያለ ምንም ጭረት ከተንሸራተተ ግን ስለቱ እጅግ የጠነከረ ስለሆነ የመሳያ ድንጋይ ይፈልጋል።

እኔ ከዛሬው ስስ የላሜራ አካፋ ይልቅ ወፍራምና ተቀጥቅጦ የተሠራውን አሮጌ አካፋ እመርጣለሁ። አንገቱና ምላሱ ከአንድ ብረት ወጥቶ የተሠራ ከሆነ በሁለት ነጥብ ብቻ ከተበየደው ብዙ ዓመት ይበልጣል፤ ይህንንም አንገቱን ገልብጦ በማየት ማወቅ ይቻላል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

የሽቦ ብሩሽ፣ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጠፍጣፋ ሞረድ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ትንሽ ሞረድ፣ 80፣ 120 እና 240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ መፍቻዎች፣ አቼቶ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ትንሽ ናፍጣ፣ የተልባ ዘይት፣ አሮጌ ጨርቅና ጠመኔ። ሞርሳ (ብረት ጨብጦ የሚይዝ ማሰሪያ) ካለ እጅግ ጥሩ ነው፤ ከሌለ መሣሪያውን በወፍራም ጣውላ ላይ አድርጎ በጉልበት መያዝ ይቻላል። የእጅ ጓንትና የዓይን መነጽር ግን በምንም አይተኩም። አፈር የነካው የዛገ ብረት እጅን ሲቆርጥ የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ሊያስከትል ስለሚችል፣ ክትባቱን የወሰዱበት ጊዜ ከራቀ ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ጤና ጣቢያ ጎራ ማለት ተገቢ ነው።

ዝገትን ማስለቀቅ

የደረቀውን አፈር በእንጨት ፍቀው ካራገፉ በኋላ በውሃና በሳሙና ይጠቡት፤ ቅባት ያለበት ብረት ላይ አቼቶ አይሠራም። አሮጌ ቀለም ካለበት ቀለሙን በደረቁ አይፈግፍጉ። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ብናኙን መተንፈስ ጉዳት አለው፤ ውሃ እያረጠቡ መፈግፈግና እጣቢውን አትክልት በሌለበት ቦታ ማስወገድ ይሻላል።

ቀለል ላለ ዝገት የሽቦ ብሩሽና 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ብቻውን ይበቃል። ከዚያ ለከፋው ዋናው መድኃኒት አቼቶ ነው። ብረቱን የሚያጠልቅ የፕላስቲክ ሳፋ ካለ ያለ ውሃ ንጹሕ አቼቶ ሞልተው ይንከሩት። ትልቅ አካፋ ለመንከር ብዙ ጠርሙስ ስለሚፈጅ እኔ ሌላ መንገድ እከተላለሁ፤ አሮጌ ጨርቅ በአቼቶ አርሼ የዛገውን ክፍል እጠቀልለውና በፌስታል እሸፍነዋለሁ፣ በየሁለት ሦስት ሰዓቱም ጨርቁን አረጥበዋለሁ። በዚህ መንገድ ግማሽ ሊትር አንድ አካፋ ያጸዳል። ፌስታሉ ጥብቅ ብሎ መታሰር የለበትም፤ አሲዱ ብረቱን ሲነካ ጋዝ ይወጣልና መተንፈሻ ይፈልጋል።

ጊዜውን በተመለከተ የእኛ ከተማ ሙቀት ያግዛል። ሐረር ላይ አንድ ሌሊት የሚፈልገው ነከራ ድሬዳዋ በሞቃት ቀን ስድስት ሰዓት ሊበቃው ይችላል። ስለዚህ ረስተው እንዳይተዉት፤ በየጊዜው አውጥተው በብሩሽ እየፈገፈጉ ይዩት፣ ከ24 ሰዓት በላይም አያቆዩት። ዝገቱ ካለቀ በኋላ አሲዱ የሚበላው ጤናማውን ብረት ነው፤ ላዩም የተቦረቦረና ግራጫ ይሆናል።

ከነከራው ሲወጣ ጥቁር ዝቃጭ ይለብሳል። ይህን በብሩሽ አራግፈው በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በበጠበጡበት ያለቅልቁት፤ ሶዳው የቀረውን አሲድ ያመክነዋል። ቤኪንግ ፓውደርና ቤኪንግ ሶዳ አንድ እንዳልሆኑ ልብ ይበሉ፤ የሚፈለገው ሶዳው ነው። ከዚያ ወዲያው በጨርቅ አድርቀው ለአሥር ደቂቃ ፀሐይ ላይ ያስጡት። የተጸዳ ብረት ሻይ ጠጥተው እስከሚመለሱ እንኳ እርጥብ ሆኖ ቢቆይ ቢጫማ ዝገት ይለብሳልና ገና ለብ እያለ የተልባ ዘይት ይቀቡት።

ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ። አቼቶና በረኪና ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም፤ ሲቀላቀሉ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። እንጨቱ ሳይወልቅ መንከርም አይገባም። ጋልቫናይዝድ የሆነ ዕቃ፣ ማለትም ዚንክ የተለበጠ ባልዲ ወይም ውሃ ማጠጫ፣ አቼቶ ውስጥ አይዋልም አይታደርም፤ አሲዱ ከዝገት የሚጠብቀውን ልባጭ አሟሙቶ ይወስደዋል።

ዝገቱ ጉድጓድ ቆፍሮ የገባበት፣ ግን ሊጣል የማይወደድ መሣሪያ ካለ፣ የኤሌክትሪክ መንገድ አለ። ከላይ በተቆረጠ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልተው አምስት የሾርባ ማንኪያ ሶዳ ይበጥብጡ። በአንድ ወገን የዛገውን መሣሪያ፣ በሌላው ወገን የማይፈለግ የፌሮ ቁራጭ እርስ በርስ ሳይነካኩ ይስቀሉ። የ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ቻርጀር ኔጌቲቩን ከመሣሪያው፣ ፖዘቲቩን ከፌሮው ያያይዙና ከዚያ በኋላ ብቻ ሶኬቱን ይሰኩ። አረፋ መውጣት ሲጀምር ሥራው ተጀምሯል፤ ከስድስት እስከ 24 ሰዓት ይፈጃል። ሽቦው ከተገለበጠ የሚበላው መሣሪያው ስለሆነ ደጋግመው ይመልከቱ። በፌሮው ምትክ የማይዝግ ብረት ማንኪያ ወይም ሳህን ማስገባት ክልክል ነው፤ ከውስጡ የሚወጣው የክሮም ውሕድ መርዝ ነው። በሶዳው ምትክ የገበታ ጨውም አይገባም፤ ክሎሪን ያወጣል። አረፋው የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ስላለበት ሥራው ከቤት ውጭ፣ ከከሰል ምድጃና ከሲጋራ ርቆ መሆን አለበት። እጅ ከመግባቱ በፊት ሶኬቱ ይነቀላል።

የተጣበቀ ቡሎን፣ የታጠፈ ምላስ፣ ስንጥቅ

ዝገት ከበላው ብረት ይልቅ ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚይዝ ዳዶንና ቡሎንን አጨናንቆ ይቆልፋል። በመፍቻ ታግሎ ጫፉን ከማበላሸት ናፍጣ አንጠባጥበው አንድ ሌሊት ይተዉት፤ ጠዋት በመዶሻ ዙሪያውን ቀስ ቀስ እያሉ ይምቱና መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ቅንጣት ያህል ካንቀሳቀሱት በኋላ ይፍቱት።

የታጠፈ የአካፋ ምላስ በጠንካራ ጣውላ ወይም በጉቶ ላይ ተደፍቶ በመዶሻ ይቃናል። ከማጠፊያው መሃል ሳይሆን ከዳር ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ መሃል ይገባል፤ አንድ ኃይለኛ ምት ከሃያ ቀላል ምቶች የበለጠ ይጎዳል።

ስንጥቅ ያለ ብየዳ የማይሆን አንዱ ጉዳይ ነው። በመጀመሪያ ስንጥቁ በሚያበቃበት ነጥብ ላይ በትራፓኖ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱ፤ ይህ ስንጥቁ ወደ ፊት እንዳይሮጥ ያቆመዋል። ከዚያ ወደ በያጅ ሲወስዱት ስንጥቁ አንገቱ አካባቢ ከሆነ ያለ ሥጋት ይበየዳል። ወደ ስለቱ የቀረበ ከሆነ ግን በአጫጭር ክፍል እየተበየደ፣ በመካከሉ እየቀዘቀዘ እንዲሠራ፣ ሲያልቅም ውሃ ውስጥ ሳይነከር አመድ ውስጥ ተቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲበርድ በትሕትና ይጠይቁ። ጋልቫናይዝድ ዕቃ እንዲበየድ አይስጡ፤ የሚቃጠለው ዚንክ ጭሱ ለሠራተኛው ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣበታል። ስለቱ ሙሉ በሙሉ ለዝቦ የተጠቀለለ ዶማ ደግሞ የብረት ቀጥቃጭ ሥራ ነው። እርሱ ጫፉን ቀጥቅጦ፣ ውሃ አጠጥቶ፣ መልሶ ማለዘብ ያውቅበታል፤ የእኔም የአባቴ ዶማ በመጨረሻ የዳነው በእንዲህ ያለ እጅ ነው።

መሳል

ብዙ ሰው አካፋና መኮትኮቻ መሳል እንዳለባቸው አያስብም። ልዩነቱን ለማየት ግማሹን ጠርዝ ብቻ ስለው ሥር የበዛበት አፈር ላይ ይሞክሩት፤ የተሳለው ወገን በእግር ግፊት ብቻ ይገባል።

ጥያቄው ምን ያህል አጋድመን እንስል የሚለው ነው። ለዚህ መለኪያ መግዛት አያስፈልግም። አራት ማዕዘን ወረቀት ወስደው አንዱን ጫፍ በመሃሉ ቢያጥፉት 45 ዲግሪ ያገኛሉ፤ ያንኑ ደግመው ቢያጥፉት 22 ዲግሪ ተኩል ይሆናል። ለአካፋና ለዶማ የመጀመሪያው እጥፋት፣ ለመጥረቢያ ሁለተኛው፣ ለመኮትኮቻ በሁለቱ መካከል ያለው ይስማማል። ድንጋያማ አፈር ባለበት፣ ለምሳሌ ወደ ተራራው በተጠጉት ሰፈሮች፣ ሰፋ ያለው ማዕዘን ይሻላል፤ በጣም የቀጠነ ስለት በድንጋይ ላይ ይሸረፋል።

መሣሪያው እንዳይንቀሳቀስ በሞርሳ ይያዝ። የድሮው ጋድማ ጠርዝ ላይ በማርከር ቀለም ያስምሩበት፤ ሞረዱ ሁለት ጊዜ ካለፈ በኋላ ቀለሙ የት እንደለቀቀና የት እንደቀረ ማየት የእጅዎን ዝንባሌ ይነግርዎታል። ቀለሙ ከላይ ብቻ ከለቀቀ ሞረዱን ትንሽ ያንሡ፣ ከጫፉ ብቻ ከለቀቀ ትንሽ ያጋድሙ። ሞረድ የሚቆርጠው ሲገፋ ብቻ ነው። በሁለት እጅ፣ አንዱ እጀታውን ሌላው ጫፉን ይዞ፣ ከእርስዎ ወደ ፊት በረጅሙ እየገፉ፣ ሲመለሱ ግን ከብረቱ ላይ እያነሡ ይሥሩ። እየጫኑ ወዲያና ወዲህ መጎተት የሞረዱን ጥርስ ያደነዝዛል፤ አባቴ የሞረድን ጩኸት ከሩቅ ሰምቶ ሠራተኛው ልምድ ያለው መሆኑን ይለይ ነበር። በትክክል የሚሄድ ሞረድ ጩኸቱ እንደ ጨርቅ መቅደድ አንድ ወጥ ነው፤ የሚንጫጫ ከሆነ ወይ መሣሪያው ይወዛወዛል ወይ ጫናው በዝቷል። ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ሞረዱ ላይ ጠመኔ ካሹበት የብረት ብናኙ በጥርሶቹ መካከል አይጣበቅም፤ ዘይት ግን አይቀቡት።

ቆልማማ አፍ ያለውን መኮትኮቻ ከአንድ ወገን ብቻ፣ ማለትም ቀድሞ በተሳለበት ወገን፣ ይሳሉ። ሲጨርሱ በስለቱ ማዶ እንደ ፀጉር የቀጠነ የታጠፈ ብረት ጣትዎን ያዝ ያደርጋል። ይህ ሳይነሣ ከቀረ ስለቱ በመጀመሪያው ቀን ይሰበራል፤ 240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ዝርግ እንጨት ላይ ጠቅልለው ከማዶው ወገን አጋድመው አንድ ሁለቴ ያስኪዱበት። ጥርስ ያለው ማጭድ በባለ ሦስት ማዕዘኑ ሞረድ ጥርስ በጥርስ ይሳላል፤ ጠፍጣፋው ጀርባው አይነካም። ኤሌክትሪክ ካልተጠቀምሁ አይሆንልኝም የሚል ሰው ከሁለት ሰከንድ በላይ ሳያስነካ፣ በየመሃሉ ውሃ ውስጥ እየነከረ ይሥራ፤ ብረቱ በባዶ እጅ ለመያዝ ካቃጠለ ሙቀቱ በዝቷልና ቢያርፍ ይሻላል።

ዛቢያና እጀታ

ለዚህ ክፍል ድሬዳዋና ሐረር የተለያየ ጠባይ አላቸው። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ደረቅና ሞቃት ከተማ ናት፤ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከ1,800 ሜትር በላይ ያለችው ሐረር ቀዝቀዝና እርጥብ ትላለች። በሐረር የሚያስቸግረው ዝገቱ ነው፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ እንጨቱ ደርቆ ይኮማተርና ዶማው ከዛቢያው ይላላል። ሐረር ተገዝቶ የወረደ መጥረቢያ እዚህ በበጋ ወር ሳይሞላው ሲወልቅ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ሁላችንም የምናደርገው አንድ ስሕተት አለ፤ የላላውን ዶማ ከነዛቢያው ውሃ ባልዲ ውስጥ መንከር። ለዚያ ቀን ይጠብቃል። እንጨቱ ግን ሲያብጥ ብረቱ ዙሪያውን ስለያዘው መስፋት አቅቶት ሥጋው ይጨፈለቃል፤ ሲደርቅም ከቀድሞው የበለጠ ያንሳል። ሦስት አራት ጊዜ የተነከረ ዛቢያ እንግዲህ ፈጽሞ አይጠብቅም።

አዲስ ዛቢያ ሲመርጡ ወይራ ከተገኘ ሌላ አይፈልጉ። ቁርቁራና ክትክታም ጠንካሮች ናቸው፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ቀጥ ብሎ ያደገው ለአካፋ እጀታ ይሆናል። ጽድ ቀላልና መዓዛው ደስ የሚል ቢሆንም በምት ይሰነጠቃል። የእንጨቱ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ የሚሄድ፣ ቋጠሮ የሌለበት ይሁን። እርጥብ እንጨት በችኮላ አይግጠሙ፤ በጥላ ሥር፣ ሁለቱ ጫፎቹ ቀለም ተቀብተው ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት ይድረቅ። ጫፎቹ ካልተቀቡ ከዚያ በኩል ፈጥኖ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

ዶማ የሚገጥመው ዛቢያው በቀጭኑ በኩል ገብቶ በወፍራሙ ራስ ሲያዝ ነው፤ ሽብልቅ አያስፈልገውም። ቀዳዳውን ከዝገት አጽድተው፣ የዛቢያውን ራስ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ በቀስ እየቀነሱ ይሞክሩት። ጠመኔ የቀዳዳው ውስጥ ቢቀቡ በእንጨቱ ላይ ነጭ ምልክት የሚተወው ቦታ መቀነስ ያለበት ነው። ከዚያ ገልብጠው ወፍራሙን ራስ በጣውላ ላይ ቢወቅጡት ዶማው በገዛ ክብደቱ ወደ ወፍራሙ ይወርድና ይነክሳል።

መጥረቢያ ግን ሽብልቅ ይፈልጋል። የዛቢያው ራስ ላይ የቀዳዳውን ጥልቀት ሁለት ሦስተኛ ያህል በመጋዝ ይሰንጥቁ። መጥረቢያውን ካስገቡ በኋላ ዛቢያውን ብረቱ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ቀጥ አድርገው በአንድ እጅ ይያዙና የላይኛውን ጫፍ በእንጨት መዶሻ ይምቱ። ብረቱ ወደ ታች መውደቁ ቀርቶ በየምቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲያዩት እንግዳ ነገር ይመስላል፣ ግን ከዚህ የተሻለ ማጥበቂያ የለም። መውጣቱን ሲያቆም የደረቀ የወይራ ሽብልቅ መትተው የተረፈውን ይቁረጡ። የአካፋ እጀታ ደግሞ በአንገቱ ውስጥ ከገባ በኋላ በምስማር ብቻ አይተው፤ ምስማሩ ቀዳዳውን እያሰፋ ይፈታል። 6 ሚሊ ሜትር ቡሎን ከነሮንዴላውና ከነዳዶው አሳልፈው፣ የተረፈውን ጫፍ በሞረድ አስተካክለው ይጨርሱ።

እጀታን ቫርኒሽ መቀባት አልወድም፤ መዳፍ ያቃጥላል፣ ሲላጥም ሻካራ ይሆናል። በ240 ቁጥር ወረቀት አለስልሰው የተልባ ዘይት በስሱ ይቀቡት፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያልተመጠጠውን ይጥረጉ፣ ይህንንም በየሁለት ሦስት ቀኑ ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ዘይቱን የጠረጉበት ጨርቅ ነገር ግን አደገኛ ነው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፤ ጨርቁ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ከተጣለ፣ በተለይ በእኛ ሙቀት፣ ማንም ክብሪት ሳያስነካው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግተው ከቤት ውጭ ያስጡት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ነክረው ይጣሉት።

የዛፍ መቀስ

መቀሱን ከመፍታትዎ በፊት በየደረጃው በስልክዎ ፎቶ ያንሡትና ዕቃዎቹን በወጡበት ቅደም ተከተል በነጭ ጨርቅ ላይ ይደርድሩ፤ ትንሿ ስፕሪንግ ሳር ውስጥ ከገባች አትገኝም። የደረቀውን የዛፍ ወተትና ሙጫ በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ይጥረጉ። የፓፓያ ወተት ቆዳ ያሳክካል፤ የቅንጭብ ወተት ደግሞ ዓይን ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ የቅንጭብ አጥር የሚከረክም ሰው መቀሱን ሲያጸዳ መነጽሩን አያውልቅ።

ሁለቱ ምላሶች አንዱ በሌላው አጠገብ የሚያልፉ ከሆነ የሚሳለው የጋደመው ወገን ብቻ፣ ፋብሪካው በሰጠው ማዕዘን ነው። ጠፍጣፋው ወገን ከተሳለ በሁለቱ መካከል ክፍተት ይፈጠርና መቀሱ ቅርንጫፉን ከመቁረጥ ይልቅ ያኝከዋል። ገጥመው ዳዶውን ሲያጠብቁ ምላሱ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ እስኪወርድ ድረስ ብቻ ይሁን። ከአንዱ የሎሚ ዛፍ ወደ ሌላው ሲሻገሩ በሽታ እንዳያስተላልፉ በ70 በመቶ አልኮል መጥረግ ይገባል፤ በረኪና ተሐዋስያን ቢገድልም ብረቱን በፍጥነት ያዝገዋል።

ውሃ ማጠጫና የእጅ ጋሪ

የድሬዳዋ ውሃ ከኖራ ድንጋይ መካከል የሚመጣ ስለሆነ በጀበናና በማንቆርቆሪያ ላይ እንደምናየው ሁሉ የውሃ ማጠጫውንም ወንፊት በነጭ ቅርፊት ይደፍነዋል። ወንፊቱን ፈትተው አቼቶና ውሃ እኩል በተቀላቀለበት ይንከሩት፤ ጋልቫናይዝድ ከሆነ ከሩብ ሰዓት በላይ አይቆይ። የቀረውን በመርፌ ከውስጥ ወደ ውጭ ይግፉት። የጣሳው ታች ትንሽ ቀዳዳ ካለው በብርጭቆ ወረቀት አጽድተው፣ አድርቀው፣ የብረት ኢፖክሲ ከሁለቱም ወገን ይለጥፉበት፤ አንድ ቀን ሳይነካ ይዋል።

ጋሪ ላይ መጀመሪያ የሚበላሸው ኩሽኔታው ነው። ፈትተው በናፍጣ ይጠቡት፣ ያድርቁት፣ አዲስ ግሪስ ይሙሉት። ጎማው ካላማዳሪያ ያለው ከሆነ እንደ ብስክሌት ይለጠፋል። የሳጥኑ ወለል ከተበላ ላዩ ላይ ላሜራ ቆርጦ በቡሎን ማሰር፣ በዝቅተኛው ቦታም ውሃ የሚያወጣ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ መብሳት ነው።

ቀለምና ማስቀመጫ

አፈር የሚነካው የብረት ክፍል ቀለም አያስፈልገውም፤ በአንድ ቀን ቁፋሮ ይላጣል። አንገትንና የጋሪ አካልን አንቲ ረስት አንድ ጊዜ፣ ከላዩ የዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ በስሱ መቀባት ይበቃል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የዋለበት ብረት አይቀቡ፤ የላዩ ቀለም ከውስጡ ቀድሞ ይደርቅና ይነፋል። በጠዋት፣ ብረቱ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ በጥላ ውስጥ ይሥሩት።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለብረት መቀቢያ የሚጠቀሙ አሉ። ዝገት መከላከሉን ይከላከላል፤ ነገር ግን ሰላጣና ቆስጣ በምንተክልበት አፈር ውስጥ የሚራገፍ ስለሆነ እኔ ከግቢዬ አውጥቼዋለሁ። በምትኩ ከበሩ አጠገብ የአሸዋ ባልዲ አለኝ። ደረቁ የደቻቱ ወንዝ ውስጥ የሚገኘው ሸካራ አሸዋ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ለአንድ ባልዲ ግማሽ ሊትር ያህል የምግብ ዘይት ይታሻል፤ አሸዋው እርጥበት የያዘ እስኪመስል እንጂ ዘይቱ እስኪንጠፈጠፍ አይደለም። ከሥራ በኋላ መሣሪያው በውሃ ይታጠባል፣ በጨርቅ ይደርቃል፣ አሸዋው ውስጥ አሥር ጊዜ ያህል ይወጋል፤ አሸዋው የቀረውን ቆሻሻ ይፍቃል፣ ዘይቱም ስስ ሽፋን ይተዋል። ከዚያ ዶማውም አካፋውም ስለታቸው ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ሲሚንቶው ወለል ላይ ሳያርፉ፣ በምስማር ይሰቀላሉ።